ሁሉም 95 ካመጣ የማን ሥራ ይታያል? ስለ ወረዳ ሠራተኞች የአፈጻጸም ምዘና እንወያይ

የደጋው ቡድን መሪ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው ምሥራቅ ጎጃም ነው፣ ከጮቄ ሥር ካሉት ደጋ ወረዳዎች በአንዱ። ግብርና ጽሕፈት ቤት ውስጥ የተፈጥሮ ሀብት ቡድን እመራለሁ። የስድስት ወሩ ምዘና መሙያ ደርሷል። ጠረጴዛዬ ላይ የአሥራ አንድ ሰው ቅጽ ተቀምጧል።

ባለፈው ዓመት ለአሥራ አንዱም ከ93 እስከ 97 ሞላሁ። ከመካከላቸው በክረምት ጭቃ ከቀበሌ ቀበሌ በእግሩ የሚዞር ልጅ አለ። ገበሬው በስሙ ነው የሚጠራው። ሌላው ደግሞ ቀበሌ የሚወርደው ከዞን ሱፐርቪዥን ሲመጣ ብቻ ነው። በእኔ ቅጽ ላይ የሁለቱ ልዩነት 2 ነጥብ ነበር። የሚሠራው ልጅ ውጤቱን አየና ምንም ሳይለኝ ፈርሞ ወጣ። ያ ዝምታው እስካሁን ይከነክነኛል።

ለምን እንዲህ ሞላህ ካላችሁኝ እውነቱን ልንገራችሁ። ዝቅ ያለ ነጥብ ከሰጠሁ ማስረጃ አምጣ እባላለሁ። በቀን የተመዘገበ ነገር የለኝም። ሰውዬው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ጋ ቢሄድ እኔ ነኝ የምሸነፈው። በዚያ ላይ የደረጃ ዕድገትና የትምህርት ዕድል ሲወዳደር ያ ነጥብ ይይዘዋል። ልጆች አሉት። አንድ እድር ውስጥ ነን። የእኔም ውጤት የሚወጣው ከእነሱ ውጤት ነው። እነሱ ዝቅ ካሉ እኔም ዝቅ እላለሁ።

ሌላው ችግር ቅጹ ራሱ ነው። የተተከለ ችግኝ በቁጥር፣ የተሠራ እርከን በኪሎ ሜትር፣ የሠለጠነ አርሶ አደር በወንድና በሴት። ሁሉም ይሞላል። ሐምሌ ላይ የተተከለው ችግኝ መጋቢት ላይ ስንቱ ቆሟል ብሎ የሚጠይቅ መስመር ግን የለም።

ይህን ነገር በትክክል ያሠራ ወረዳ ታውቃላችሁ? ያልሠራም ቢሆን ለምን እንዳልሠራ ንገሩኝ። ዘንድሮ እንደ አምናው መሙላት አልፈልግም።

የሰው ሀብት ጡረተኛ፦

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ልቤን ነካው። እኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ በሰው ሀብት ሥራ ቆይቼ ነው ጡረታ የወጣሁት። አብዛኛውን ጊዜዬን ያሳለፍኩት ጎጃም ውስጥ ነው። ይህ ነገር ከየት እንደመጣ ባጭሩ ልንገርህ፤ መነሻውን ካላወቅን ቅጹን ብቻ እንወቅሳለን።

የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያው የተጀመረው በ1988 ዓ.ም. ነው። በ1994 ዓ.ም. ሥልጣንና ጥቅል በጀት ወደ ወረዳ ወረደ። ወረዳ ሲባል የዞን ተላላኪ ማለት መሆኑ ቀርቶ ሠራተኛ የሚቀጥር፣ በጀት የሚደለድል ሆነ። ያ ትልቅ ነገር ነበር። ከዚያ ቢፒአር የሚሉት መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ መጣ። ወረቀት ከአሥር ጠረጴዛ ወደ ሁለት ጠረጴዛ እንዲያጥር የተደረገው ያኔ ነው። በብዙ ቦታ በእውነት አጥሮም ነበር። ከ2002 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ደግሞ ቢኤስሲ፣ ሚዛናዊ የውጤት መለኪያ የሚባለው። ቀጥሎ የለውጥ ሠራዊትና አንድ ለአምስት፣ ከዚያ ካይዘን የሚሉት የጃፓኖች የደረጃ በደረጃ ማሻሻያ፣ የዜጎች ቻርተር።

ቢኤስሲን ያመጡት ሮበርት ካፕላንና ዴቪድ ኖርተን ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1992። ለኩባንያዎች ነው ያሰቡት። የኩባንያ ኃላፊ ትርፍን ብቻ እያየ መምራት የለበትም፤ ደንበኛውን፣ የውስጥ አሠራሩን፣ የሠራተኛውን ዕውቀትም አብሮ ይይ ነው ነገሩ። ጥሩ ሐሳብ ነው። ኃላፊው መንገዱን የሚያይበት መስተዋት ነው። እኛ ጋ ሲደርስ ግን ከመሥሪያ ቤት ወደ ሥራ ሂደት፣ ከሥራ ሂደት ወደ ቡድን፣ ከቡድን ወደ ግለሰብ እየተሸነሸነ ወርዶ የግለሰብ ነጥብ መሙያ ሆነ። አራቱን ዕይታዎች ለአንድ የልማት ሠራተኛ ስናከፋፍል ስንት ሌሊት እንዳደርን እኔ ነኝ የማውቀው። የፋይናንስ ዕይታ ለልማት ሠራተኛ! በእጁ ሳንቲም የማይገባ ሰው ምን ይሙላ? "ወረቀት በቁጠባ መጠቀም" ብለን ሞላን።

እኔ ራሴ የተሳሳትኩትም አለ። ቅጹ በሰዓቱ መሞላቱን ነበር የምከታተለው። ሁሉም ጽሕፈት ቤት እስከ ጥር 10 ካስገባ ሥራዬ ተሠራ እል ነበር። ውስጡ ምን እንዳለ አልጠየቅኩም።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፦

እኔ ከምዕራብ ጎጃም ነኝ። የምጽፈው ከሌላኛው ወገን ሆኜ ነው፣ ነጥብ ከሚሞላለት ወገን።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር በየቀበሌው ሁለት ሴቶች፣ 16 ፓኬጅ ተብሎ ነው። ዛሬም አንዲት ልጅ ስንት ነገር እንደምትለካ ብታዩ ታዝናላችሁ። ክትባት፣ እርግዝና ክትትል፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ መጸዳጃ ቤት፣ ወባ፣ ሥርዓተ ምግብ፣ የጤና መድን ማስመዝገብም ተጨምሮበታል። ሁሉም ዒላማ አለው። ዒላማው ከላይ ነው የሚመጣው። የወረዳው ድርሻ ለቀበሌ ይካፈላል፣ አለቀ። የእኔ ቀበሌ ግማሹ ቆላ፣ ገደል ነው። ከጎረቤት ሜዳ ቀበሌ ጋር እኩል ዒላማ ነበረን።

አንድ ነገር ግን በጤና በኩል የሚሠራ አለ። ለጠያቂው ይጠቅመው ይሆናል። ጤና ጣቢያ የወር ሪፖርት ከመላኩ በፊት የመረጃ ጥራት ማጣሪያ ይደረጋል። ከሪፖርቱ 12 ቁጥሮች በዕጣ ይወጣሉ። እያንዳንዱ ቁጥር መዝገቡ ላይ ካለው ጋር ይመሳከራል። ስንቱ ገጠመ? ያ ተቆጥሮ መረጃው ምን ያህል እንደሚታመን ከሰንጠረዥ ይነበባል። ግማሽ ቀን አይፈጅም። የትኛው ቁጥር በዕጣ እንደሚወጣ ቀድሞ ስለማይታወቅ ሁሉንም በእውነት መመዝገብ ይቀላል።

ይህ ሲጀመር ፈርተን ነበር። አሁን ግን የሚከላከልልን እሱ ነው። "ቁጥርሽ ለምን ዝቅ አለ" ስባል መዝገቡን አሳያለሁ። ዝቅ ያለው እውነት ስለሆነ ነው እላለሁ።

የደጋው ቡድን መሪ፦

እህቴ፣ በጣም አመሰግናለሁ። የ12ቱን ነገር አላውቀውም ነበር። እኛ ጋ መዝገብ የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። የልማት ሠራተኛው በስልክ ይነግረኛል፣ እኔ በኤክሴል ደምሬ ለዞን እልካለሁ። በዕጣ ላወጣ ብል የማመሳክርበት የለኝም። ምናልባት መነሻው እሱ ነው።

ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት "ወረቀት በቁጠባ መጠቀም" ዛሬም ቅጻችን ላይ አለ። ክብደቱ 5 ነው።

ከቡሬ የገበሬ ልጅ፦

እናንተ እርስ በርሳችሁ ትመዛዘናላችሁ። እኛስ?

አባቴ የመሬት ደብተሩ ላይ ስም እንዲስተካከልለት ወደ አንድ ጽሕፈት ቤት አምስት ጊዜ ተመላልሷል። ከቤቱ እስከ ከተማ በእግሩ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። በመጀመሪያው ቀን ባለሙያው ሥልጠና ላይ ነው ተባለ። በሁለተኛው የቀበሌ ማስረጃ አምጣ። በሦስተኛው ማስረጃው ማኅተም ይጎድለዋል። በአራተኛው መብራት የለም። በአምስተኛው ተሠራለት። እውነቱን ለመናገር የሠራለት ልጅ ትሁት ነበር፣ በአሥር ደቂቃ ጨረሰው።

ያ አገልግሎት በእነሱ ሪፖርት ላይ "አንድ ተገልጋይ፣ በስታንዳርዱ መሠረት ተስተናገደ" ተብሎ ነው የሚጻፈው። አሥር ደቂቃው ይቆጠራል። የአባቴ አምስት ቀን አይቆጠርም። የአጨዳ ወቅት ነበር።

አንድ መለኪያ ብቻ ብትጨምሩ ይበቃኛል። ሰውዬው ጉዳዩ እስኪያልቅ ስንት ጊዜ ተመላለሰ?

የሰው ሀብት ጡረተኛ፦

ልጄ፣ ይህን ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ብትነግረኝ ኖሮ ብዬ ተመኘሁ። የሐሳብ መስጫ ሳጥን በየበሩ ሰቅለን ነበር። ቁልፉ የት እንዳለ የሚያውቅ አልነበረም።

አምባችን፦

አጭር ነገር ልጨምር፣ ከአዊ ነኝ። ፋግታ ለኮማ አካባቢ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት ዛፍ የሚተክለው ማንም ኮታ ሰጥቶት አይደለም። ከሰል ሆኖ ስለሚሸጥለት፣ የደከመውን አሲዳማ መሬቱንም ስለሚያሻሽልለት ነው። ችግኙን እንደ ልጁ ይጠብቀዋል። በዘመቻ ተተክለው ከብት የበላቸውንም አይቻለሁ። ቡድን መሪው "የጸደቀ" የሚል መስመር ከጨመረ፣ አብሮ "ገበሬው የመረጠው ነው ወይ" የሚልም ይጨምር። የልማት ሠራተኛው ጥፋት ያልሆነ ነገር በእሱ ነጥብ ላይ እንዳይመጣ።

ተማሪ ከማርቆስ፦

ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ተማሪ ነኝ፣ የሕዝብ አስተዳደር አጠናለሁ። የሌላ አገር ልምድ ላንሳ።

ሩዋንዳ "ኢሚሂጎ" የሚባል ሥርዓት አላት። ቃሉ ከጥንታቸው የመጣ ነው። ጀግና በአደባባይ "ይህን እፈጽማለሁ" ብሎ ቃል የሚገባበት ልማድ ነበራቸው። ከእኛ ፉከራ ጋር ይቀራረባል። ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የየአውራጃው ከንቲባ ከፕሬዚዳንቱ ጋር የዓመት ውል ይፈራረማል። ዓመቱ ሲያልቅ አፈጻጸሙ ይገመገማል፤ የአውራጃዎቹ ደረጃም በይፋ ይነገራል። ሁለት ነገር ወደድኩለት። ቃሉ የሚገባው በአደባባይ ነው። ዒላማውም ሰው ሊያስታውሰው የሚችል ነው።

የማልወደውም አለ። ከላይ የሚመጣው ግፊት ሲበዛ ጫናው ወርዶ ወርዶ ቤተሰብ ጋ ይደርሳል። የመድን መዋጮ ያልከፈለ ገበሬ ላይ ይወድቃል። የጤና እህታችን "የጤና መድን ማስመዝገብ ተጨምሮበታል" ስትል ያ ትዝ አለኝ።

የቀድሞ የምክር ቤት አባል፦

የወረዳ ምክር ቤት አባል ነበርኩ፣ ሁለት ዘመን። የወረዳው ዕቅድና በጀት የሚጸድቀው በእኛ ነው። ሪፖርት የምንሰማውም እኛው ነን። አንድ ቀን ሙሉ ይነበባል። ዘጠኝና አሥር ጽሕፈት ቤት፣ እያንዳንዱ ሠላሳና አርባ ገጽ። ወደ ማታ ላይ ጥያቄ ይጠየቃል። "በቀጣይ እናስተካክላለን" ይባላል፤ እናጸድቃለን።

አንድ ጊዜ ግን አንዲት የምክር ቤት አባል፣ መሃይም ናቸው ተብለው የሚናቁ እናት፣ እጃቸውን አወጡ። "በእኔ ቀበሌ ሦስት የውኃ ቦኖ ተጠገነ ብላችሁ አንብባችኋል። የትኞቹ ናቸው? እኔ ከአንዱ ነው የምቀዳው፣ የሁለቱን ስም ንገሩኝ" አሉ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ስም መጥራት የቻለ ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ሪፖርት በቀበሌና በሰፈር ስም እንዲቀርብ ወሰንን። "37 ተጠገነ" ቀረና "የእንትን ሰፈር፣ የእንትን ምንጭ" ሆነ። በሁለተኛው ዓመት ቁጥሩ ቀነሰ። ቀነሰ ማለት ግን የባሰ ሆነ ማለት አልነበረም። ይህን ለዞን ማስረዳት ከባድ ነበር፤ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊም በዚያ ምክንያት ተወቀሰ። አለመደገፋችንን አሁን ሳስበው ይቆጨኛል። እውነቱን ያመጣን ሰው ሌላው ሲወቅሰው ዝም ካልነው ሁለተኛ አያመጣም።

የወረዳ ገንዘብ ባለሙያ፦

ሁላችሁም ስለ ቅጽ ታወራላችሁ። እኔ ስለ ነዳጅ ላውራ።

የወረዳ ጥቅል በጀት ሲመጣ አብዛኛው ደመወዝ ነው። ከደመወዝ የሚተርፈው የሥራ ማስኬጃ ትንሽ ነው። ወረቀት፣ ውሎ አበል፣ የሞተር ነዳጅና ጎማ ሁሉም ከዚያች ነው። ዓመቱ ሳይጋመስ ነዳጅ ያለቀበት ጽሕፈት ቤት አውቃለሁ። ባለሙያውን "በወር አራት ጊዜ ቀበሌ ውረድ" ብሎ መዝኖ ሞተሩን አቁሞ ማስቀመጥ ፍትሕ አይደለም።

ስለዚህ ዕቅዱ ላይ ሁለት ፊርማ ይኑር። ሠራተኛው "ይህን እሠራለሁ" ብሎ ይፈርማል። ኃላፊው ደግሞ "ለዚህ ይህን አቀርባለሁ" ብሎ ይፈርማል። ይህን ያህል ሊትር ነዳጅ፣ ይህን ያህል የውሎ አበል ቀን። ነጥብ ሲሞላ ሁለቱም አብረው ይታዩ።

ያለንበት ጊዜም አለ። መንገድ ሲዘጋ ቀበሌ መውረድ አይቻልም። መስከረም ላይ የተፈረመ ዒላማ በማግስቱ ሁሉ ነገር ቢቀየር እንኳ ሰኔ ላይ እንዳለ ይመዘናል። የሚወጣበት መንገድ የሌለውን ሠራተኛ በዚያ መመዘን ውሸት ጻፍ ብሎ መግፋት ነው። ሩብ ዓመት በገባ ቁጥር ዒላማው ተከልሶ፣ ምክንያቱ በአንድ መስመር ተጽፎ ይፈረም።

ቅኔ ቤት ያደግሁ፦

ይህን ክር ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። አሁን መምህር ነኝ። ልጅ ሳለሁ ግን በዋሸራ ወገን፣ በጎጃሙ የቅኔ ስልት፣ ቅኔ ቤት ተምሬያለሁ። ምዘና ሲባል የማውቀው ትልቁ ምዘና እሱ ነው። ጎጃም ውስጥ ሆነን ይህን አለማንሳት ደግሞ ከበድ ይላል።

ቅኔ ተማሪ ቀን ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፣ በልቡ ይደርሳል ማለት ነው። ከዛፍ ሥር፣ ከመቃብር ቤት ጥግ። ከዚያ መምህሩ ወይም አስነጋሪው ጋ ሄዶ ይነግራል። መምህሩ ዓይናቸውን ከድነው ይሰማሉ። ቃሉ ከተሰበረ እዚያው ያርሙታል። ምሥጢሩ ካልመጣ "ሂድና ድገመው" ይሉታል። ነገ ይመለሳል። ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፣ ሁለት ቤት (ስንኝ) ነው። እሱ ሲሞላለት ወደ ዘአምላኪየ፣ ወደ ሚ በዝኁ፣ እያለ እስከ መወድስ ይደርሳል። ሁለት ቤት ያልሞላለትን ልጅ ስምንት ቤት ሙላ የሚለው የለም።

አስቡት። እርማቱ በየቀኑ ነው። የሚያርመው ሥራውን ራሱ የሚያውቅ ሰው ነው። ስህተቱ የሚነገረው ሲሠራ ነው፣ ከስድስት ወር በኋላ አይደለም። ነጥብ የለም፤ ግን ማን የት እንደደረሰ የማያውቅ ተማሪ የለም።

እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ግን ሁለት ነገር አንድ ላይ አደረግን። ስህተትን የማረሚያ ጊዜና ዕድገትን የመወሰኛ ጊዜ አንድ ቀን ላይ ወደቁ። በዚያ ቀን ማን ስህተቱን ይናገራል? ግምገማ የሚለው ቃል ራሱ ሰውን ያስደነግጣል። ሂስና ግለ ሂስ ተብሎ ሰው በአደባባይ የተዋረደበት ጊዜ ስለነበር። በዚያ ያለፈ ሰው ስብሰባ ላይ የሚናገረው ሌላ ነው፣ ቡና ላይ የሚናገረው ሌላ።

ጠያቂው ወንድሜ፣ እንደ እኔ ቢሆን ሁለቱን ለያቸው። በየሳምንቱ ወይም በየአሥራ አምስት ቀኑ ያለ ነጥብ ቁጭ በል። ምን ሠራህ፣ ምን ያዘህ፣ እኔ ምን ላድርግልህ። ያችን ደብተር ላይ ጻፋት። ሁለታችሁም ፈርሙባት። ጥር ላይ ነጥብ ስትሞላ አዲስ ነገር አይኖርም። ማስረጃ የለኝም ያልከውም ያልቃል።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፦

የኔታ፣ አስለቀሱኝ። የእኛ ሱፐርቫይዘር እንዲህ የምታደርግ አንዲት ነበረች። ስትመጣ ቼክሊስቷን ቦርሳዋ ውስጥ አድርጋ መጀመሪያ አብራኝ ሁለት ቤት ትገባ ነበር። እኔ ሳስተምር ትሰማለች። ስንመለስ መንገድ ላይ "ያችን እናት ስትጠይቂያት ባሏ አጠገቧ ነበር፣ ብቻዋን ብታገኚያት ጥሩ ነው" ትለኛለች። ቼክሊስቱ መጨረሻ ላይ ነው የሚሞላው። ከእሷ የተማርኩትን ከሥልጠና አላገኘሁም። ተዛውራ ሄደች።

ከቡሬ የገበሬ ልጅ፦

ስለ ተገልጋይ ያነሳሁት ጥያቄ መልስ አላገኘም።

ተማሪ ከማርቆስ፦

ይቅርታ ወንድሜ፣ ልክ ነህ። ጤና ላይ የማኅበረሰብ ውጤት መስጫ ካርድ የሚባል ነገር አለ። የቀበሌ ነዋሪዎች በቡድን ተቀምጠው ለጤና ጣቢያው ነጥብ ይሰጣሉ። አክብሮት አለ ወይ፣ መድኃኒት አለ ወይ፣ ንጽሕናው እንዴት ነው። ሴቶች ለብቻ፣ ወጣቶች ለብቻ ቢቀመጡ ይሻላል፤ አባወራዎቹ ባሉበት ሁሉም አይናገርምና። ሠራተኞቹም ራሳቸውን ይሞላሉ። ከዚያ ሁለቱ ወገን ፊት ለፊት ተቀምጠው ምን እንደሚስተካከል ይስማማሉ።

ዋናው ነገር የመጨረሻው ስብሰባ ነው። ነጥቡ ተሰብስቦ ወደ ላይ ብቻ ከሄደ ሰው ሁለተኛ አይመጣም። ይህ ለመሬት ጽሕፈት ቤትም፣ ለገቢዎችም፣ ለማዘጋጃ ቤትም ይሠራል ብዬ አምናለሁ። ያንተ "ስንት ጊዜ ተመላለሰ" ደግሞ ከሁሉም ቀላሉ ነው። ተገልጋዩ የሚይዘው ትንሽ ካርድ፣ በመጣ ቁጥር ቀን የሚጻፍበት። ጉዳዩ ሲያልቅ ካርዱ ይሰበሰባል።

የደጋው ቡድን መሪ (ከስድስት ወር በኋላ)፦

ሰላም ናችሁ? የሆነውን ልነግራችሁ ተመልሻለሁ። ያልሠራውንም እነግራችኋለሁ።

ከጥር ጀምሮ ለእያንዳንዱ ባለሙያ አንድ አንድ ደብተር ገዛሁ። ከኪሴ ነው፣ በጀት ስላልነበረ። በየአሥራ አምስት ቀኑ ለመቀመጥ ነበር ያሰብኩት። አልቻልኩም። በወር አንድ ጊዜ ሆነ፤ የተፋሰስ ዘመቻ ሰሞንማ ጥርና የካቲት ጭራሽ አልተቀመጥንም። ከመጋቢት በኋላ ግን ተያዘ።

መጋቢት ላይ ሦስት ቀበሌ መረጥን፣ በዕጣ። በየቀበሌው አንድ የችግኝ ቦታ፣ እሱም በዕጣ። እኔና የቀበሌው ልማት ሠራተኛ ከሁለት ገበሬዎች ጋር ሆነን መስመር ይዘን መቶ መቶ ጉድጓድ ቆጠርን። ስንቱ ለምልሟል፣ ስንቱ ደርቋል፣ ስንቱን ከብት በልቶታል። አንደኛው ቦታ ላይ ከመቶው 31 ብቻ ቆሟል። ሁላችንም ዝም አልን። ከገበሬዎቹ አንዱ፣ አዛውንት ናቸው፣ "ይኸ ቦታ የከብት መውረጃ ነው፣ ስትተክሉ ብትጠይቁኝ እነግራችሁ ነበር" አሉ።

ቁጥሩን እንዳለ ለኃላፊዬ ወሰድኩ። የቀድሞው የምክር ቤት አባል የጻፉትን አሳየሁት፣ ይህን ክር ከፍቼ። አነበበው። "እኔ ይዤው እሄዳለሁ" አለኝ። ዞን ላይ ተጠይቋል። ለምን ከሌላው ወረዳ አነሰ ተብሏል። የቆጠርነውን በቦታ ስም አስቀምጦ አስረድቷል። ከሁለት ወረዳ ሰዎች ደውለው እንዴት እንደቆጠርን ጠይቀውኛል።

የነዳጁ ፊርማ አልተሳካም። ኃላፊው ለማያውቀው በጀት አልፈርምም አለ፤ ልክ ነው። የተስማማነው ነዳጅ ያልተሰጠበት ወር ደብተሩ ላይ እንዲጻፍ ነው።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ነጥብ ሞላሁ። የዘንድሮው ከ71 እስከ 96 ነው። ያ በጭቃ የሚዞረው ልጅ ከፈረመ በኋላ አልወጣም፣ ተቀመጠ። ለሚቀጥለው ክረምት ችግኝ ጣቢያ ላይ ምን እናፍላ የሚለውን አነሳ። ሽማግሌው ያሉትን ቦታ ትተን በገበሬው ድንበር ላይ ትሪ ሉሰርን ብናደርግስ አለኝ፣ ለከብት መኖም ይሆናቸዋል ብሎ። አንድ ሰዓት ተኩል አወራን።

የሰው ሀብት ጡረተኛ፦

እግዚአብሔር ይስጥህ ልጄ። 71 ያመጣው ሰውስ?

የደጋው ቡድን መሪ፦

ጋሼ፣ ቅሬታ አቀረበ። ኮሚቴው ደብተሩን አየ። የራሱ ፊርማ ስላለበት ነጥቡ ጸና። ግን ደስ አላለኝም። ስንቀመጥ የነገረኝን መልሼ አነበብኩት። ሚያዝያ ላይ እናቱ ታመው በየሳምንቱ ፈረስ ቤት ከተማ ይመላለስ እንደነበር ጽፌያለሁ። ጽፌ አለፍኩ፣ ምንም አላደረግኩለትም። ትናንት ጠራሁትና ለዚህ ዓመት ለእናቱ ቅርብ የሆነውን ቀበሌ ሰጠሁት። ነሐሴ ላይ እንቀመጣለን።